የተማሪዎች ቪዲዮና የሰው ዘፈን፦ ፈቃድ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ከማን?

የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ ሲቃረብ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበባት ሥራ ይበዛባቸዋል። የምረቃ ቪዲዮ አለ፤ የባህል ቀን ዝግጅት አለ፤ ለክፍል ፕሮጀክት የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ስለ ትራፊክ አደጋ ወይም ስለ አካባቢ ጽዳት የተቀረጸ አጭር ድራማ አለ። ከሁሉም ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን ይገባል። ቪዲዮው አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ይጨበጨብለታል፤ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ግን ወይ ድምፁ ይታፈናል፣ ወይ ጨርሶ አይከፈትም፣ ወይ ባለመብቱ ማስታወቂያ ይለጥፍበታል።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው ክርክር ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ለትምህርት ስለሆነ ነጻ ነው» ይላል። ሌላው «ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ማንም አይጠይቅም» ይላል። ሦስተኛው «የዘፋኙን ስም እስከጻፍን ድረስ ይበቃል» ይላል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በኢትዮጵያ ሕግም ሆነ በቪዲዮ መድረኮቹ ደንብ ውስጥ መሠረት የላቸውም። የሰከንድ ገደብ የሚባል ነገር የለም፤ ስም መጥቀስም ግዴታ እንጂ ፈቃድን የሚተካ አይደለም።

አንድ ዘፈን የስንት ሰው ንብረት ነው?

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ዘፈኑን የዘፋኙ ብቻ አድርጎ ከማየት ነው። አንድ የተቀረጸ ዘፈን ቢያንስ ሁለት ንብረት በውስጡ ይዟል። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ይህም ግጥሙና ዜማው ነው። ሁለተኛው የድምፅ ቅጂው ነው፤ ይህም በስቱዲዮ ተቀርጾ፣ ተቀናብሮ፣ ሚክስና ማስተር ተደርጎ የወጣው ድምፅ ነው። ድርሰቱ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ነው። በቅጂው ላይ ደግሞ ዘፋኙና ተጫዋቾቹ እንደ ከዋኝ፣ ወጪውን ሸፍኖ ያስቀረጸው ሰው ወይም ድርጅት ደግሞ እንደ ፕሮዲዩሰር የየራሳቸው መብት አላቸው።

ሙዚቃን ከምስል ጋር ማጣመር ሁለቱንም ስለሚነካ የሚያስፈልገው ፈቃድም ሁለት ነው። ድርሰቱን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ለማዋሃድ የሚሰጠው «የሲንክ ፈቃድ» ይባላል፤ ሲንክሮናይዜሽን የሚለው ቃል አጭር አጠራር ነው። የተቀረጸውን ድምፅ ራሱን ለመጠቀም የሚሰጠው ደግሞ «የማስተር ፈቃድ» ነው። ተማሪዎች ዘፈኑን ራሳቸው ዘፍነው ቢቀርጹት የማስተሩ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የድርሰቱ ግን ያስፈልጋል። ብዙ የትምህርት ቤት መዘምራን ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው የውል ልማድ ነው። በካሴት ዘመን ብዙ ሥራ ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ገጣሚና ዜማ ደራሲ ሥራቸውን ለዘፋኙ ሲሰጡ የተፈራረሙት ወረቀት ምን እንዳስተላለፈ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ካሴትን ብቻ ይመለከት እንደሆነ ግልጽ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዘፋኙ በቅንነት «ተጠቀሙበት» ቢል እንኳ መስጠት የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ለትምህርት ነው» የሚለው ክርክር እስከ የት ያስኬዳል?

የአገራችን ዋናው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ጥበቃው ምዝገባን አይጠብቅም፤ ሥራው ወጥ ሆኖ በሆነ ነገር ላይ ከተቀረጸ ወይም ከተጻፈ በቂ ነው። አዋጁ ባለመብቱ ብቻ የሚያደርጋቸውን ወይም የሚፈቅዳቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ ማባዛት፣ ማዛመድ፣ ማሰራጨት፣ በይፋ መከወን፣ ለሕዝብ ማስተላለፍና ሌሎችም።

ከዚህ ጎን ለጎን አዋጁ ለትምህርት በር ከፍቷል። አንቀጽ 11 ታትሞ የወጣን ሥራ ወይም የድምፅ ቅጂ ለማስተማር ዓላማ ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል። ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦ አጠቃቀሙ ተገቢነት ያለውና ዓላማው ከሚጠይቀው መጠን የማያልፍ መሆን አለበት፤ ምንጩና የደራሲው ስምም በተቻለ መጠን መጠቀስ አለበት።

አከራካሪው ጥያቄ ተማሪ የሠራው ቪዲዮ በዚህ ይሸፈናል ወይ የሚለው ነው። አንደኛው አተረጓጎም ሰፋ ያለ ነው። የቪዲዮ ቅንብር ትምህርት የሚሰጥ ከሆነና ተማሪው የሠራውን ለመምህሩ ለውጤት የሚያቀርብ ከሆነ ሙዚቃውን ማባዛቱ የማስተማር ሂደቱ አካል ነው ይላል። ሌላው አተረጓጎም ጠበብ ያለ ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ማባዛት ብቻ ነው፤ ሙዚቃን ከምስል ጋር ማዛመድና ለሕዝብ ማስተላለፍ ሌላ መብት ነው ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነጥብ ግን አለ፤ ለተግባርም ዋናው እሱ ነው። ልዩ ሁኔታው ቢሠራ እንኳ የሚሠራው በክፍሉ ውስጥ ነው። ቪዲዮው ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ ወይም ለሕዝብ ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል ላይ ሲወጣ ማስተማሩ አብቅቶ ማሰራጨት ይጀምራል። ትምህርት ቤቶች ጥንቃቄያቸውን ማድረግ ያለባቸው በዚህ መስመር ላይ ነው፤ በክፍል ውስጥ የሚቀረውን መፍራት አያስፈልግም።

ሌላም መስመር አለ፤ ብዙም አይነገርለትም። በከተማዋ ዳርቻ የግል ትምህርት ቤቶች በርካታ ናቸው፤ ለተማሪም ይፎካከራሉ። በሰኔ ተማሪዎች የሠሩት የምረቃ ቪዲዮ በነሐሴ ምዝገባ ሲጀመር በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ ይመለሳል። ቪዲዮው ያው ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ንግድ ሆኗል። ለተማሪ ሥራ በነጻ የተፈቀደ ዘፈን ለማስታወቂያ አልተፈቀደም።

ሕጉ ሌላ፣ ማሽኑ ሌላ

የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አውቶማቲክ ሥርዓት ነው። ባለመብቶች ወይም አከፋፋዮቻቸው የሥራቸውን ቅጂ ያስገባሉ፤ ሥርዓቱ የእያንዳንዱን የድምፅ አሻራ ይይዝና የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ስለ አንቀጽ 11 አያውቅም። ከሙዚቀኛው የተጻፈ ደብዳቤ ትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ የተሟላ ፈቃድ ያለው ቪዲዮም ሊያዝ ይችላል።

ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የይገባኛል ጥያቄ፣ በተለምዶ ክሌም የሚባለው ነው። ክሌም በቪዲዮው ላይ ብቻ ያርፋል፤ እንደ ባለመብቱ ምርጫ ቪዲዮው ሊታገድ፣ ማስታወቂያ ሊገባበት ወይም የተመልካች ቁጥሩ ብቻ ሊከታተል ይችላል። ቻናሉን ለአደጋ አይጥልም። ሁለተኛው ስትራይክ ነው፤ ባለመብቱ ቪዲዮው እንዲነሳ በሕጋዊ መንገድ ሲጠይቅ ይመጣል። ስትራይክ ለ90 ቀናት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከሆነ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። የክበቡ ቻናል የዓመታት ሥራ የተከማቸበት ከሆነ ጉዳቱ በአንድ ቪዲዮ አይወሰንም።

ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ይመጣል። መድረኮቹ ከሙዚቃ ድርጅቶች ጋር ስለተዋዋሉ በመተግበሪያው ውስጥ የሚገኘውን ዘፈን በግል አካውንት መጠቀም ይቻላል። ያ ፈቃድ ግን ከመተግበሪያው አይወጣም። ቪዲዮውን አውርዶ ዩቲዩብ ላይ መጫን ፈቃዱን ይዞ አይመጣም። በድርጅት ወይም በንግድ አካውንት ለሚጠቀም ትምህርት ቤትም የተፈቀደው የሙዚቃ ዝርዝር የተለየና ጠባብ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይጠየቃል?

ሥራው ከቅንብሩ በፊት መጀመር አለበት። ምስሉ በዘፈኑ ምት ተቆርጦ ካለቀ በኋላ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ የሚፈርሰው ሙሉ ሥራው ነው። ከሁለት ወር ያላነሰ ጊዜ መተው ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው ሰው አንድ አይደለም።

በመጀመሪያ ባለመብቶቹን መለየት ነው። በካሴት ሽፋን ወይም በሲዲ ልባስ ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ፕሮዲዩሰር በሚሉ ርዕሶች ስማቸው ይገኛል። በዩቲዩብ ላይ ከሆነ በቪዲዮው ሥር ያለው መግለጫ ይነበብ። በክብ ውስጥ «ፒ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ የድምፅ ቅጂውን ባለቤት ያመለክታል፤ በክብ ውስጥ «ሲ» ካለ ደግሞ የቅጂ መብት ባለቤቱን ነው። አከፋፋዩ ድርጅትም ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠቀሳል፤ እሱን መመዝገብ በኋላ ይጠቅማል። ደራሲው በሕይወት ከሌለ መብቱ ወደ ወራሾች ይተላለፋል። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ የወራሽነት ማስረጃና የተረጋገጠ ውክልና ያለውን ሰው መፈለግ ግድ ነው፤ ከአንዱ ልጅ ብቻ የተገኘ ፈቃድ ሌሎቹን አያስርም።

ቀጥሎ ደብዳቤው ነው። በትምህርት ቤቱ አርማ ወጥቶ፣ በርዕሰ መምህሩ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ቢሄድ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። ይዘቱ ግልጽ መሆን አለበት። የዘፈኑ ርዕስና የትኛው ቅጂ እንደሆነ፤ ከስንተኛው ደቂቃና ሰከንድ እስከ ስንተኛው እንደሚወሰድ፤ የቪዲዮው ጠቅላላ ርዝመትና ይዘት፤ የት እንደሚታይና ለምን ያህል ጊዜ፤ ገቢ የሚገኝበት መሆን አለመሆኑ፤ መልሱ እስከ መቼ እንደሚፈለግ። «ለትምህርት ቤታችን ፕሮግራም ዘፈንዎን እንድንጠቀም ይፍቀዱልን» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ቢፈረምበትም ምን እንደተፈቀደ አይታወቅም፤ ክርክር ሲነሳ አያገለግልም።

የቪዲዮው ይዘት በደብዳቤው ውስጥ መገለጹ ከጨዋነትም ያለፈ ምክንያት አለው። አዋጁ ለደራሲው የሞራል መብት ይሰጣል፤ ሥራው ክብሩንና ስሙን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥ የመቃወም መብት ነው። መዝሙር በአስቂኝ ትዕይንት ሥር ማስገባት ወይም የሐዘን እንጉርጉሮን ለቀልድ ማዋል ቅሬታ ያስነሳል። ፍርድ ቤት ለሞራል ጉዳት የሚወስነው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወለል አስቀምጧል፤ ለአንድ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ፈቃድ በጽሑፍ መሆን አለበት። በስልክ የተባለ «እሺ» ማስረጃ አይሆንም፤ ዝምታም እሺታ አይደለም። ሙዚቀኛው ወረቀት ለመፈረም ጊዜ ከሌለው ቢያንስ ዝርዝሩን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ልኮ «ፈቅጃለሁ» የሚል የጽሑፍ መልስ መቀበልና ማስቀመጥ ይሻላል። ከፈቃዱ ጋር አብሮ መጠየቅ ያለበት፣ ግን ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ባለመብቱ ወይም አከፋፋዩ የትምህርት ቤቱን ቻናል በኮንቴንት አይዲ ውስጥ በተፈቀደላቸው ዝርዝር እንዲያስገባ፣ ወይም ክሌም ሲመጣ እንዲያነሳ ይጠየቅ። የቻናሉ አድራሻ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። የወረቀቱ ፈቃድ ከማሽኑ ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው።

ክፍያን በተመለከተ የተወሰነ ታሪፍ የለም፤ በስምምነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተደረገው ማሻሻያ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካኝነት ፈቃድ እንዲሰጡና ሮያሊቲ፣ ማለትም የአጠቃቀም ክፍያ፣ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። አሠራሩ በስፋት ሲደራጅ ትምህርት ቤቶች በአንድ ማመልከቻ የሚጨርሱበት ዕድል ይሰፋል። እስከዚያ ግን እያንዳንዱን ባለመብት ማንኳኳት ነው።

የቆዩ ዘፈኖችና የሕዝብ ዜማ

የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የድምፅ ቅጂ ፕሮዲዩሰር መብትም 50 ዓመት ነው፤ ግን የሚቆጠረው ቅጂው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በ1960ዎቹ በሸክላ የወጣ ዘፈን የቅጂው ዘመን ቢያልፍም፣ ዜማ ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም በቅርቡ ካረፈ ድርሰቱ ገና የተጠበቀ ነው። «ድሮ የወጣ ነው» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ያው ዘፈን በውጭ አገር ድርጅት እንደገና ታድሶ ከወጣም በኮንቴንት አይዲ የመያዙ ዕድል ሰፊ ነው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ማንም የግሉ ሊያደርጋቸው አይችልም። ደራሲያቸው የማይታወቅ የሠርግና የበዓል ዜማዎችም የሕዝብ ናቸው። ሆኖም አንድ ዘፋኝ በራሱ ቅንብር የቀረጸው የሠርግ ዘፈን፣ ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ቅጂው የግል ነው። ተማሪዎቹ ያንኑ ዜማ በራሳቸው ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫውተው ቢቀርጹ ግን ከማንም ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በእኔ ግምት ለትምህርት ቤት ቪዲዮ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሥራውም ሙሉ በሙሉ የተማሪዎቹ ይሆናል። በሰፈሩ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ከተገኘ አንድ ገጽ ውል አዘጋጅቶ፣ ቅጂውን ትምህርት ቤቱ በየትኛውም መድረክ እንዲጠቀምበት ማስፈረምና የሚገባውን መክፈል ነው። ተጫዋቹ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርም።

ሳይታሰብ የሚገባ ሙዚቃ

የምረቃ ቪዲዮ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮውን የሚያቀናብረው ሰው በኋላ በጨመረው ዘፈን ብቻ አይደለም። ተመራቂዎች ሲገቡ ዲጄው የለቀቀው ዘፈን በካሜራው ማይክ ተቀርጾ ገብቷል። ይህ ከባድ የሚሆነው ከንግግሩ ጋር ስለሚደባለቅ ነው፤ ሙዚቃውን ስታጠፉ የርዕሰ መምህሩ ድምፅም አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው በቀረጻው ቀን ነው ያለው። ከድምፅ ማደባለቂያው (ሚክሰሩ) ላይ የማይክራፎኖቹ ድምፅ ብቻ በተለየ መውጫ ወጥቶ ወደ መቅረጫ ወይም ወደ ስልክ እንዲገባ የድምፅ ባለሙያውን መጠየቅ ይቻላል፤ የዲጄው መስመር በዚያ መውጫ ላይ ዜሮ ይደረጋል። ሚክሰሩ እንዲህ ያለ መውጫ ከሌለው በንግግር ሰዓት ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ እንዲቆም መስማማት ነው። በቅንብር ጊዜ ንግግር፣ የአካባቢ ድምፅና ሙዚቃ በየራሳቸው ትራክ ላይ ይቀመጡ። የቅንብር ፕሮጀክቱ ፋይልም ቪዲዮው ከወጣ በኋላ እንዳይጠፋ፤ ሙዚቃ መቀየር ቢያስፈልግ የሚሠራው በእሱ ነው።

በነጻ የሚገኝ ሙዚቃና ወጥመዱ

በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሙዚቃዎቹ ለቪዲዮ የተፈቀዱ ናቸው፣ ከፊሎቹ ስም መጥቀስን ይጠይቃሉ። ሌላው ምንጭ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው፤ ባለመብቱ ሥራውን ሕዝብ እንዲጠቀምበት አስቀድሞ በታወቁ ሁኔታዎች የሚለቅበት ሥርዓት ነው። «ቢ ዋይ» የሚለው ምልክት ስም ጥቀሱ ማለት ነው። «ኤን ሲ» ለንግድ አይዋል ማለት ነው፤ ቪዲዮው የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ከሆነ ይህ ችግር ያመጣል። ብዙዎችን የሚያስተው «ኤን ዲ» ነው፤ ሥራውን ለውጣችሁ አታሰራጩ ማለት ነው። ዘፈኑን ሳንቆርጥ ሙሉውን ካስገባነው አልለወጥነውም የሚል አስተሳሰብ አለ። የፈቃዱ 4.0 እትም ግን ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ማጣመር ሁልጊዜ እንደ ለውጥ እንደሚቆጠር በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ «ኤን ዲ» ያለበት ሙዚቃ ለቪዲዮ አይሆንም።

«ኖ ኮፒራይት» ተብሎ በማንነቱ በማይታወቅ ቻናል የተለቀቀ ሙዚቃን ማመን አይገባም። የለቀቀው ሰው ባለመብት መሆኑ ካልታወቀ የሰጠው ፈቃድ ዋጋ የለውም።

ሁለት ወገን፣ ሁለት ስጋት

የሙዚቀኞቹ ቅሬታ ከባዶ የመጣ አይደለም። ካሴት ያለ ፈቃድ ሲባዛ፣ ቀጥሎ ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ሲሸጥ፣ አሁን ደግሞ በቴሌግራም አልበም በወጣበት ቀን ሲበተን ኖረዋል። የኦንላይን ገቢ ለብዙዎቹ ከመድረክ ሥራ ቀጥሎ የቀረ ምንጭ ነው። በሌላ ወገን የሕዝብ ትምህርት ቤት ክበብ በጀት የለውም፤ 200 ሰው የሚያየው ቪዲዮም የአልበም ገበያ አይነካም። ይህ የኋለኛው ክርክር በቁጥር ሲታይ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን በገበያ ጉዳት ብቻ አይለካም። ቪዲዮ መሥራት የሚማር ተማሪ ነገ የራሱን ሥራ የሚሸጥ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃድ መጠየቅም እንደ ካሜራ አያያዝ የሙያው ክፍል ነው። ሙዚቀኞችም ቢሆኑ ለተማሪ ሥራ የሚሆን አጭርና ነጻ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅተው በገጾቻቸው ላይ ቢያስቀምጡ ከሁለቱም ወገን ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ክሌም ሲመጣ

ቪዲዮውን በቀጥታ ለሕዝብ ከመልቀቅ በፊት በ«ፕራይቬት» መጫንና ዩቲዩብ የሚያደርገውን የቅጂ መብት ፍተሻ ውጤት መጠበቅ ይገባል። በተለይ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሰዓታት የተጫነ ቪዲዮን እንደገና መጫን ከባድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጥራቱ የተቀነሰ አጭር ቅጂ ጭኖ ሙዚቃውን መፈተሽ ይጠቅማል። ክሌም ካለ የተያዘው ከየት እስከ የት እንደሆነ ይታያል። ያንን ክፍል መቁረጥ፣ ዘፈኑን ብቻ ማጥፋት ወይም ከድምፅ ቤተ መጻሕፍቱ በሌላ መተካት እዚያው ይቻላል፤ ቪዲዮውን አውርዶ መድከም አያስፈልግም።

ፈቃድ በእጅ ካለ ክሌሙን መቃወም ይቻላል፤ ባለመብቱ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ካልመለሰ ክሌሙ ይነሳል። ምረቃው ሰኔ መጨረሻ ላይ ከሆነ ይህ ጊዜ ተሰልቶ ቪዲዮው አስቀድሞ መጫን አለበት። ፈቃድ ሳይኖር «ለትምህርት ነው» ብሎ መቃወም ግን አደገኛ ነው፤ ባለመብቱ ክሌሙን ወደ ማስነሻ ጥያቄ ሊያሳድገው ይችላል፤ ያኔ ስትራይክ ይመጣል። የክበቡ መሪዎች በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ የፈቃዱ ደብዳቤ፣ የመልሱ ፎቶና የቅንብር ፕሮጀክቱ በቪዲዮው ርዕስ በተሰየመ አንድ ፎልደር ውስጥ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡ፤ ከተመረቀው ተማሪ ስልክ ላይ ብቻ የቀረ ማስረጃ በሚቀጥለው ዓመት አይገኝም።